ጠብ የማታሻግር ልጅ

ባለፈው ሳምንት ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ከታክሲ ስወርድ የጫማዬ ሶል ተላቀቀ። እያነከስኩ መድኃኒት ቤቶቹን አለፍኩና ጥላ ሥር ከተቀመጠ ጫማ ሰፊ ዘንድ ደረስኩ። ሰውዬው የማስቲሹን ቆርቆሮ ከፍቶ በቀጭን እንጨት ሲያማስለው ሽታው መጣ። ያ ሽታ ለሌላው ሰው ራስ ምታት ነው፤ ለእኔ ግን ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ክረምት ነው። ሰውዬው ሶሉን ለጥፎ «እስኪደርቅ ትንሽ ቆዪ» ሲለኝ እሺ ብዬ ዱካው ላይ ቁጭ አልኩ። ማስቲሹ ደርቆም ቶሎ አልተነሳሁም።

አክስቴ አስካለ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። በሦስት ዓመቷ ብርቱ ትኩሳት ያዛትና ሲለቃት መስሚያዋን ይዞባት ሄደ። እስክታገባ ድረስ እኛ ቤት ስለኖረች፣ እኔ ገና አፍ ሳልፈታ ወተት በእጄ እጠይቅ ነበር ይላሉ። ባሏ ደረጀም አይሰማም። «ጋሽ ደረጀ» ማለት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን በእጅ ስንነጋገር አንቱና ጋሼ የሚባል ነገር እኛ ዘንድ ስላልነበረ አንተ እያልኩት አደግኩ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ለሚያውቁት ሰው የእጅ ስም ያወጣሉ። የእኔ ስም ሁለት ጣት የፊት ጥርስ ላይ ማሳረፍ ነበር፤ ጥርሴ በወለቀ ሰሞን ደረጀ ያወጣልኝ ነው። ጥርሱ በቀለ፣ ስሙ ግን ተለጥፎብኝ ቀረ።

ያን ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ ቀን ቀን እነ አስካለ ቤት እንድውል ወሰነች። እሷ ሥራ ውላ እስክትመለስ ብቻዬን ከምሆን ከአክስቴ ጋር ብውል ለሁለታችንም ይበጃል አለች። «የአክስትሽ ጆሮ አንቺ ነሽ» አለችኝ የዝናብ ቦቲዬን እያጠለቀችልኝ፤ «ከጎኗ እንዳትጠፊ።» ቤታቸው ከቁስቋም ማርያም ዝቅ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ጭቃው ወደ ኋላ እየመለሰኝ እወጣለሁ፤ ስደርስ እስከ ጉልበቴ ቡናማ ሆኛለሁ።

ሥራዬ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወፍጮ ቤት፣ ሱቅ፣ ቦኖ ውኃ፣ አክስቴ በሄደችበት ሁሉ እከተልና ሰው የሚለውን በእጄ ለእሷ፣ እሷ የምትለውን በአፌ ለሰው አቀብላለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ቦኖው ጋ አንዲት ሴትዮ ጀሪካኗን በእግሯ እየገፋች «ይቺ ደንቆሮ ደግሞ ወረፋ አታውቅም እንዴ!» ብላ ጮኸች። አክስቴ ወደ እኔ ዞራ «ምን አለች?» አለችኝ።

«ደህና አደርሽ ወይ አለች» አልኳት።

አክስቴ የሴትዮዋን ፊት አየችው። ደህና አደርሽ የሚል ፊት አልነበረም። «ደህና ካደረች ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው ፊቷን ለምን አጨማደደችው በያት» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ አለች» አልኳት ለሴትዮዋ። ሴትዮዋ አፈረች። ጀሪካኗን መለስ አድርጋ ቦታውን ለቀቀችልን።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ከት ብላ ሳቀች፤ ግንባሬንም ሳመችኝ። «ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ! ጠብ አታሻግሪ። መልካም መልካሙን ብቻ አድርሺ።» ወሬው ጎረቤት ተዳረሰ። ባለ ሱቁ ሐጂ ባዩኝ ቁጥር «ጠብ የማታሻግረዋ መጣች» እያሉ ከረሜላ ይሰጡኝ ጀመር። እኔም ጉድ ነኝ ብዬ አመንኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ክረምት ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ አብልጬ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ለእያንዳንዱ ውሸትም ተሸልሜበታለሁ።

ደረጀን እወደው ነበር። ይህን መናገር ዛሬም ያስቸግረኛል፤ ግን ካልተናገርኩት ሌላውም አይገባም። ጫማ የሚሠራባት የቆርቆሮ ክፍል ከግቢው በር አጠገብ ፊቷን ወደ መንገድ አዙራ ነው የቆመችው። ደንበኛ ሂሳቡን ከፍሎ ገና ጥግ ሳይዞር ደረጀ ያን ሰው ሆኖ ይራመዳል፤ የአንዱን ሽባ ትከሻ፣ የሌላዋን ቦርሳ አያያዝ አያስቀርም። ሆዴ እስኪያመኝ ያስቀኛል። ከተረፈ ቆዳ ቀይ ጫማ ሠራልኝ፤ ሲሠራም እግሬን ካርቶን ላይ አስቁሞ ዙሪያውን በእርሳስ ሲስለኝ ተኮርኩሬ ሞቼ ነበር።

አንድ ቀን ማስቲሹ እስኪደርቅ እየጠበቅን ስለ ልጅነቱ አጫወተኝ። የእንጀራ አባቱ በአፉ እንዲናገር ብሎ ሁለት እጁን ወደ ኋላ በገመድ እያሰረ ያውለው ነበር። ይህን ሲነግረኝ ራሱን ትንሽ ልጅ አደረገ፤ እጁን ከኋላው አጣምሮ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ምኑ እንዳሳቀን እስካሁን አላውቅም።

ቤታቸው አንድ ክፍል ናት፤ መስኮት የላትም። አከራይዋ መስኮቱ በነበረበት በኩል ሌላ ክፍል አስጠግታ ስለ ሠራች ቀን ቀንም የሚኖረው በመብራት ነው። መስማት በተሳናቸው ሰዎች ቤት ደግሞ መብራት ሌላም ሥራ አለው፤ ፊቱን ያዞረ ሰው ሲጠሩ ማብሪያውን ብልጭ ድርግም ያደርጉታል። ስለዚህ ደረጀ ለምሳ ገብቶ፣ በሩ ለዝናቡ ተዘግቶ፣ አክስቴ አንድ ነገር ስትነግረው እጁ ወደ ማብሪያው ሲሄድ እየጠራት ይመስለኝ ነበር። ድርግም ያደርገዋል። ከዚያ አያበራውም። ጨለማው ውስጥ ዝም ብለን እንቀመጣለን፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የሚሰማኝ እኔ ብቻ ነኝ። መልሶ ሲያበራው አክስቴ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች፤ እሱ እየበላ ነው።

ጨዋታ መሰለኝ። ሕጉን ማወቅ ብቻ ነው የቀረኝ ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን መብራቱ እንደ በራ «እኔ ልቁጠር፣ እናንተ ተደበቁ?» አልኳቸው። ደረጀ ፍርስ አለ። አክስቴ አልሳቀችም፤ ተሸንፋ ነው አልኩ በልቤ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ መብራቱ እያለ ስትናገር ሁለት እጇን አንጓው ላይ ጥብቅ አድርጎ ይይዛታል። ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ አይላወሱም። የባልና የሚስት ነገር ነው ብዬ አፍሬ ፊቴን አዞራለሁ። አንጓዋ ላይ የቀረውን ሰማያዊ ነገር የጫማ ቀለም ነክቷት መስሎኝ ሳሙና ይዤ «ላጥብልሽ» ብያታለሁ። እጇን ሰብስባ «ራሱ ይለቃል» አለችኝ።

እሑድ እሑድ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ደረጀ ጸሐፊ ነው፤ የተከበረ ነው፤ ሁሉም ትከሻውን ይመታዋል። አክስቴን ሁልጊዜ ጥጉ ላይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያስቀምጣታል። ብርድ እንዳይመታት ነው አልኩ። የማይሰማ ሰው ጀርባውን ለጉባኤ ከሰጠ ብቻውን እንደ ተቀመጠ መሆኑን እኔ፣ ከኋላዬ የሚወራውን ሁሉ የምሰማዋ፣ ከየት ልወቅ። ስልኳንም በኪሱ ይይዘዋል፤ ጠንቃቃ ነው አልኩ። እኔ ያልሄድኩ ቀን በሩን ከውጭ እንደሚቆልፍባት ግን ጭራሽ አላውቅም ነበር።

ይህን ሁሉ አይታ ስም የሰጠችው ሰናይት ናት። ሰናይት የአክስቴ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት፤ እሷም አትሰማም፤ ዊንጌት አካባቢ ፀጉር ትሠራለች። አንድ እሑድ ከአዳራሹ ጀርባ የአክስቴን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ አንጓዋን አየች። ከዚያ እጆቻቸው እኔ ልከተለው በማልችለው ፍጥነት መሄድ ጀመሩ። የያዝኩት ጥቂቱን ብቻ ነው። አክስቴ «አልመታኝም እኮ» ትላለች፤ ሰናይት «ከመምታት ይብሳል» ትላለች። አክስቴ «የራሳችንን ሰው ለሚሰሙት አሳልፌ ልስጥ? ደንቆሮ ትዳር አያውቅም ይሉናል» ትላለች፤ ሰናይት አናቷን ትነቀንቃለች። በመጨረሻ ነገሩ ለሽማግሌ ይነገር ተባለ።

ሰናይት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ፈልጋ ልታመጣ ነበር። እናቴ ግን አሻፈረኝ አለች። «ገመናችንን ባዕድ ለምን ይሰማዋል? ቤዛ አለችልን አይደል?» ቤዛ እኔ ነኝ። እናቴ ራሷ በእጅ የምታውቀው ብዪ፣ ጠጪ፣ ነዪ የሚለውን ያህል ነው። ኮራሁ።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት መጡ። አንዱ የዕድሩ ዳኛ አባባ ክፍሌ ናቸው፤ ሁለተኛው ባለ ሱቁ ሐጂ፣ ሦስተኛው ደግሞ የደረጀ አጎት፣ ሻዩ እንደ ቀረበ ያንቀላፉት። እናቴ ቆሎና ዳቦ ይዛ ትገባለች ትወጣለች። እኔ መሀል ዱካ ላይ ተቀምጫለሁ፤ አዲሱን ቀይ ጫማዬን አድርጌያለሁ። አባባ ክፍሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «በይ ልጄ፣ ችግርሽን ንገሪን በያት» አሉኝ። ለአክስቴ ነገርኳት። ብድግ አለች።

«ስናገር መብራቱን ያጠፋብኛል» አለች። «በጨለማ እኔ አፍ የለኝም። መብራት ሲኖር ደግሞ እጄን ጠምዝዞ ይይዘኛል። ሳለቅስ እንዳያየኝ ዓይኑን ይጨፍናል። ሰው እንዳላገኝ ስልኬን ወሰደ። እሑድ ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞረዋል። ቤዛ ያልመጣች ቀን ከውጭ ይቆልፍብኛል፤ እሳት ቢነሳ ማንን እጠራለሁ? እፈራዋለሁ።»

እጆቿ ሲያበቁ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ደረጀ ያለችውን ሁሉ አይቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነው። እናቴ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ ምን አሰብኩ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ፈርቼ ቢሆን በቀለለኝ። አልፈራሁም። የሰማሁት ነገር ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አልገባኝም፤ ጠብ መሆኑ ብቻ ነው የገባኝ። ጠብ ደግሞ እንዴት እንደሚያዝ አውቅበታለሁ።

«እ… መብራት ቶሎ ቶሎ ያጠፋል አለች» አልኩ በጠራ ድምፅ። «ሲወጣም በር ይቆልፋል። ስልኬን ይመልስልኝ አለች። አንዳንዴ ደግሞ ይከፋኛል አለች።»

ሐጂ ጭናቸውን መቱ። «መብራት ቶሎ የሚያጠፋ ባል! ያ አላህ፣ ለእኔም ልጅ እንዲህ ያለውን በሰጣት! እኛ ቤትማ ቆጣሪው ሲሮጥ ነው የሚውለው!» አባባ ክፍሌ ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። አጎትየው በሳቁ ነቁና ምን እንደ ተባለ ሳያውቁ አብረው ሳቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ እኔ ያኔ ልብ አላልኩትም። አክስቴ በአፌ ያልኩትን አልሰማችም። ደረጀም አልሰማም። ሁለቱም ያላቸው የሽማግሌዎቹ ፊት ብቻ ነው። አክስቴ ጨለማውን፣ እጇን፣ ቁልፉን ተናግራ ስታበቃ ሦስት የተከበሩ ሰዎች በሳቅ ሲፈርሱ አየች። ደረጀም ያንኑ አየ። ትከሻው ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ወደ ፊቱ ደም ሲመለስ አየሁት። ከዚያ እሱም ሳቀ።

አክስቴ «ነገርሻቸው?» አለችኝ።

«ነገርኳቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ታዲያ ለምን ይስቃሉ?»

«ደስ ብሏቸው ነው» አልኳት።

ተቀመጠች። አባባ ክፍሌ ስልኳን እንዲመልስላት አዘዙት፤ እሱም ወዲያው ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ጉልበት ተሳሙ፣ መረቁ። ምርቃቱን አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩት። ሐጂ ሲወጡ ሁለት ከረሜላ ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ግራ ገባኝ። ታረቁ ተብሏል፤ ቤቱ ውስጥ ግን የታረቀ ሰው አይታይም። ስልኩ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ደረጀ ኪስ ገባ። ድሮ መብራቱን ከማጥፋቱ በፊት ወደ እኔ ሰረቅ አድርጎ ያይ ነበር፤ አሁን ማየቱን ተወው። እናቴ ልትጠይቃቸው መጥታ ተቀምጣ ሳለ እንኳ አጠፋው፤ እናቴ «አቤት መብራት ኃይል!» አለች። አክስቴም ብዙ ማውራት ተወች። አዲስ ወሬ ካለ ከእኔ በፊት የምትጀምረው እሷ ነበረች፤ አሁን እጇ ጭኗ ላይ ይውላል። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ምንም። እኔ ነኝ ሳይገባኝ የኖርኩት» አለችኝ። ምኑ እንዳልገባት ስጠይቃት ሽንኩርቱን መላጥ ጀመረች።

አንድ ቀን ደረጀ ቆዳ ሊገዛ መርካቶ ወርዶ ሳለ ሰናይት መጣች። ከአንድ ስልጠና ያገኘችው ወረቀት ይዛለች፤ ሥዕል ነው። አንድ እጅ ማብሪያ ላይ ሲያርፍ። ሁለት እጅ ሌላ ሁለት እጅ ሲይዝ። ከውጭ የተቆለፈ በር። «ይኸው፣ ጥቃት ይባላል» አለች። «አንቺ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ስለሚደርስ ነው የተሣለው።»

አክስቴ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላት። «ተሳስተሻል» አለች። «ሦስት ሽማግሌ ፊት ቆሜ ይህንኑ ሁሉ ተናገርኩ። ሰምተው ሳቁ። የሚሰሙ ሰዎች ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ፤ ወግ ያውቃሉ። ጥፋት ቢሆን አይስቁም ነበር። ቤዛን ጠይቂያት።»

ሰናይት ወደ እኔ ዞረች። «ሳቁ?»

«ሳቁ» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ስቀዋል።

ሥዕሉ ላይ ያለችው ማብሪያ የእነሱ ቤት ማብሪያ ነበረች። ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ዝናቡን ሳልፈራ ቁልቁል ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። እናቴ ወስፋት ነው ብላ ከመድኃኒት ቤት የሚታኘክ ክኒን ገዝታ አመጣች፤ አኝኬ ዋጥኩት፤ አልሻለኝም። እናቴን ልንገራት ብዬ ሁለቴ አፌን ከፍቻለሁ። ግን ምን እላታለሁ? እንድናገር ያስተማረችኝን ተናገርኩ፣ ከዚያ አክስቴ መናገር ተወች ልበላት? ራሴም ያልገባኝን እንዴት አስረዳለሁ።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣ። አክስቴ ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠበች ነው፤ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። ፊት ለፊቷ ሄጄ ቆምኩ።

«አልነገርኳቸውም» አልኩ።

«ምኑን?»

«ለሽማግሌዎቹ። እጅሽን እንደሚይዝ አልነገርኳቸውም። ጨለማውን አልነገርኳቸውም። እፈራዋለሁ ያልሽውን አልነገርኳቸውም።»

«ታዲያ ምን አልሻቸው?»

በአፌ ያልኩትን አንድ በአንድ በእጄ ደገምኩላት። መብራት ቶሎ ያጠፋል። በር ይቆልፋል። ይከፋኛል። ስጨርስ በጥፊ የምትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አክስቴ ውኃው ዳር ተቀምጣ እየጮኸች ነው። አክስቴ ድምፅ የላትም ብዬ ነበር የማስበው፤ ነበራት። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ለየሁ ማለት አልችልም።

«አልሰሙም?» አለችኝ።

«አልሰሙም።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

አረፋ ባለበት እጇ ፊቴን ይዛ ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ የግራ ጆሮዬን ያዘችና እንባዬ እስኪመጣ ቆነጠጠችኝ። ሁለቱም ይገባኝ ነበር። ልብሱን ከነውኃው ትታ እጄን ይዛ በጓሮው በኩል ወጣች።

አባባ ክፍሌ በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ዳዊት ይደግማሉ። መነጽራቸውን አነሱ። «አባባ፣ ያን ቀን ዋሽቼ ነበር» አልኳቸው። እንዲህ በያቸው ብሎ የሚያስተምረኝ ሰው አልነበረም፤ እንደ መጣልኝ ነው ያልኩት። አክስቴ ከፊታቸው ቆማ ቀስ ብላ እንደገና ጀመረች፤ እኔም ተከተልኳት። ስለ መብራቱ ስነግራቸው ግን ግር አላቸው። «መብራቱ ደግሞ ምን አደረጋት?» አሉ። አክስቴ ግራ መጋባታቸውን ከፊታቸው አየች። ጠጋ አለችና መዳፏን አፋቸው ላይ ጫነች። የዕድር ዳኛ አፍ ላይ! እኔ ክው አልኩ። እሷ ግን አላነሳችውም፤ እስኪገባቸው ቆየች። ሲገባቸው በዓይናቸው አየሁት።

እጇን ስታነሳ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህን ሰምተን የሳቅን ነው የሚመስላት?»

«አዎ አባባ።»

«እሱስ?»

«እሱም።»

ዳዊታቸውን ጉልበታቸው ላይ አጠፉት። «ይሁንና… ትዳር ነው ልጄ» አሉ በመጨረሻ፤ «እኛ እንመክረዋለን፤ እሷም ትንሽ ቻል ታድርገው በያት።»

«ምን አለ?» አለችኝ አክስቴ።

እጄ ወደ ለመደው ሊሄድ ነበር። ይቅርታ ጠየቁሽ ልላት፣ አይዞሽ አሉሽ ልላት እችል ነበር። «ቻል አድርጊው አለ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ ሳትከፋ። «አልችልም በይው።»

«አልችልም አለች» አልኳቸው። ጠብ ሳሻግር የመጀመሪያዬ ነው።

«አሁን ሄዶ ለደረጀ ይንገረው» አለች አክስቴ። «ያን ቀን አልሰማንም ነበር ብሎ ይንገረው። ስለሳቃችሁ ልክ ነኝ ብሎ እንዳይኖር። አንቺም አብረሽ ሂጂና ሁሉንም ተናገሪ።» ከዚያ በለበሰችው ቀሚስ፣ ክንዷ ላይ አረፋው ደርቆ፣ ቁልቁል ወደ ታክሲው ወረደች። ሰናይት ዘንድ ሄደች፤ ወደዚያች መስኮት አልባ ክፍል ዳግመኛ አልተመለሰችም። እኔ ያኔ ማታ የምትመለስ መስሎኝ የታጠበውን ልብስ ማን ያሰጣዋል እያልኩ ነበር።

ያለችውን ስነግራቸው አባባ ክፍሌ ከዘራቸውን አንስተው ትከሻዬን ያዙ። ደረጀ የጫማ ክፍሉ ፊት ለፊት መንገዱ ዳር ተቀምጦ ሶል ይሞርዳል። ሲያየን ፊቱ በራ። ተነስቶ ለአባባ ክፍሌ እጅ ነሣ፤ በሽርጡ ዱካውን ጠርጎ አቀረበላቸው። ለእኔም ሁለት ጣቱን ጥርሱ ላይ አድርጎ በስሜ ጠራኝ። አባባ ክፍሌ አልተቀመጡም።

«በይ እንደምልሽ ንገሪው» አሉኝ። «ያን ቀን አልሰማንም ነበር። የሳቅነው ስላልሰማን ነው። ዛሬ ግን ሰምተናል።»

እጄን አነሳሁ። «ያን ቀን አልሰሙም» አልኩት። «የደበቅኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። ጨለማውን ነግሬያቸዋለሁ። እጇን—»

እጇን ብዬ ሳልጨርስ ሁለቱን እጄን አንጓዬ ላይ ያዘኝ። ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ እስካሁን የሚያደናግረኝ ይህ ነው። ፈገግታው እንኳ ገና ጨርሶ አልጠፋም። እጆቹ ብቻ ጠበቁ፤ ሸካራ ነበሩ፤ አጥንቴ ሲላተም ተሰማኝ። አባባ ክፍሌ «ልቀቃት!» ብለው ጮኹ። ማን ይስማቸው። ከዘራቸውን ጥለው በእጁ ላይ እጃቸውን ጫኑና ጣቶቹን አንድ በአንድ ከላዬ ላይ አነሱ። ይህን ለእሳቸው ማስተርጎም አላስፈለገም።

መንገዱ ሰው በሰው ነበር። ከፊት ለፊት ሱቅ ሐጂ ስኳር ይመዝናሉ፤ ቦኖው ጋ ሴቶች ይነታረካሉ። እኔ እሰማለሁ፤ አፍም አለኝ። አንዴ ብጮህ ሰፈሩ ሁሉ ይደርስልኝ ነበር። ደረጀ እጄን እስኪለቀኝ ድረስ ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ መናገር እንደምችል ረስቼው ነበር።